ፕላዝማ ለማጥናት ለምታስቡ ልጆች

ፊውዥን ላይ፣ ማለትም ቀላል አተሞችን አዋህዶ ኃይል ማውጣት ላይ፣ መሥራት የምትፈልጉ ወጣቶች ስታገኙኝ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «መቼ ነው መብራት የሚሰጠን?» ጥያቄው ክፋት የለውም። እኔ ግን «ሙቀቱ በየት በኩል ነው የሚያመልጠው?» ብትሉኝ የበለጠ ደስ ይለኛል። የእኔን ዕድሜ የበላው ይሄ ነው። የእናንተንም ሳይነካ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማሽን ውስጥ የሃይድሮጅን ዓይነቶች እንዲዋሃዱ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ መሞቅ አለባቸው። የፀሐይ እምብርት እንኳ 15 ሚሊዮን ገደማ ነው። ይህን የሚችል ዕቃ ስለሌለ ፕላዝማውን፣ ማለትም ከመጋሉ የተነሳ አተሞቹ ወደ አዮንና ኤሌክትሮን የተለያዩበትን ጋዝ፣ በማግኔት መስክ አንጠልጥለን እንይዘዋለን። ቶካማክ የምንለው ቀለበት መሰል ማሽን ሥራው ይኸው ነው። ወረቀት ላይ ሲሰላ ማግኔቱ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ቅንጣቶቹ የመስኩን መስመር እየዞሩ ይሄዳሉ፤ ሲጋጩ ብቻ ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ። ልኬቱ ግን ሌላ ነው የሚለው። የአዮኖቹ ሙቀት ከስሌቱ ብዙ እጥፍ፣ የኤሌክትሮኖቹ ደግሞ አንዳንዴ እስከ መቶ እጥፍ ፈጥኖ ይወጣል።

ተጠያቂው ትርምሱ ነው፤ ቱርቡለንስ የምንለው። መሃሉ የጋለ፣ ዳሩ የቀዘቀዘ ነገር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ልዩነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ጥቃቅን ማዕበሎች ይነሳሉ። ያድጉና ሚሊሜትርና ሴንቲሜትር የሚያህሉ ሽክርክሪቶች ይሆናሉ። ሙቀቱንም እየተቀባበሉ ወደ ውጭ ያወጡታል። የአሸዋ ክምር አስቡ። ከላይ ብታፈሱበት ቁልቁለቱ ከልኩ በላይ አይቆምም፤ ይናዳል። እኛም ማሞቂያውን ስንጨምር መሃሉ በዚያው ልክ የሚሞቅ ይመስለናል። ትርምሱ ይብስና የጨመርነውን ይዞት ይወጣል።

እንግዲህ ምክሬ፦ ዳታ ሲሰጣችሁ ቶሎ አታለስልሱት። የዛሬ ልጆች ኮድ ላይ ጎበዞች ናችሁ። ግን ፋይሉን ከመክፈታችሁ ፊልተር ትጭኑበታላችሁ። መስመሩ ላይ የሚንቀጠቀጠው ነገር ቆሻሻ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ፊዚክሱ እሱ ራሱ ነው።

አንድ ላሳያችሁ። በማሽኑ ግድግዳ ዙሪያ የማግኔት መስኩን ለውጥ የሚከታተሉ ትናንሽ የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ ሚርኖቭ ኮይል ይባላሉ። የአንዱን ሲግናል ሳታጣሩ ክፈቱትና ቀስ ብላችሁ ተመልከቱት። መጀመሪያ ጸጥ ያለ ነው። ቀጥሎ እኩል ምት ያለው ማዕበል ብቅ ይላል። ፕላዝማው ውስጥ መግነጢሳዊ ደሴት፣ ማለትም የመስኩ መስመሮች ለብቻቸው የተጠቀለሉበት ቦታ፣ ተፈጥሮ፣ እየዞረ በኮይሉ ፊት ሲያልፍ ነው። ማዕበሉ ይጎላል። ከዚያ ይዘገያል፤ በአንዱ ጫፍና በሚቀጥለው መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል። ደሴቱ አድጓል፤ ግድግዳው ወደ ኋላ እየጎተተው ነው። በመጨረሻ መዞሩን ያቆምና ሲግናሉ ዝም ይላል። ጀማሪው «እሰይ፣ ተረጋጋ» ይላል። የለመደው ሰው ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሙቀቱ ባንዴ ይጠፋል፤ ፕላዝማው ውስጥ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ጅረትም ተከትሎት በሚሊሰከንዶች ይወድቃል። ዲስራፕሽን የምንለው ይህ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እየተገነባ ባለው ኢተር በተባለው ግዙፍ ቶካማክ 15 ሚሊዮን አምፔር እንዲሄድ ታቅዷል። ያ ሁሉ በቅጽበት ሲቆም ማሽኑ ላይ የሚያርፈው ኃይል የዋዛ አይደለም። ምልክቱ ደግሞ ሁሌ እንዲህ ተስተካክሎ አይመጣም።

ለመደሰትም አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 1958 እንግሊዞች ዜታ በሚባለው ማሽናቸው ያዩት ኒውትሮን በሙቀት ከተነሳ ፊውዥን የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ለዓለም አሳወቁ። ጋዜጣው ሁሉ ጉድ አለ። ወራት ሳይቆይ ኒውትሮኑ ከሙቀቱ እንዳልመጣ ታወቀ። ፕላዝማው ሲናወጥ ጥቂት ቅንጣቶችን አስፈንጥሮ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉት ዓይነት ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1968፣ ሶቪየቶች ቲ-3 የተባለው ቶካማካቸው 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ደረሰ ሲሉ ምዕራቦቹ አላመኑም። ሶቪየቶቹ ምን አደረጉ? እነዚያኑ እንግሊዞች ጋበዟቸው። በ1969 ሌዘራቸውን ተሸክመው ሞስኮ ሄዱ፣ ለኩ፣ ልክ ሆኖ ተገኘ። በቀዝቃዛው ጦርነት መሃል! እኔ ከማሽኑ ይልቅ ያን በር የከፈተውን ሰው ነው የማደንቀው።

ከዚያ ደግሞ 1982 አለ። ጀርመን፣ ጋርሺንግ፣ አስዴክስ የሚባል ማሽን። ፍሪትዝ ቫግነር ማሞቂያው ከፍ ሲል አንድ እንግዳ ነገር አየ። ፕላዝማው በድንገት ዳሩ ላይ ጸጥ አለና ሙቀቱን የሚይዝበት ጊዜ እጥፍ ገደማ ሆነ። ቀድሞ የተነበየ ቲዎሪ አልነበረም። ባልደረቦቹም ተጠራጠሩ። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ብሎ ቢያልፈው ማን ይወቅሰው ነበር? ዛሬ ኤች-ሞድ እንለዋለን፤ ኢተርም የታቀደው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ነው። ዳሩ ላይ ጎን ለጎን የሆኑ የፕላዝማ ንብርብሮች በተለያየ ፍጥነት ሲሄዱ ሽክርክሪቶቹን ይበጣጥሷቸዋል፤ ዋናው ማብራሪያ ይህ ነው። ነፃ ግን አይደለም። ዳሩ ላይ የተጠራቀመው ግፊት ኤልም በሚባሉ ፍንዳታዎች በየጊዜው ይወጣና ግድግዳውን ይለበልበዋል።

ስለ ኮድ አንድ ነገር ልበልና ልተዋችሁ። ጋይሮኪኔቲክ ኮዶች የሚባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ትርምሱን በአምስት ዳይሜንሽን ያሰላሉ፤ ሦስቱ የቦታ፣ ሁለቱ የፍጥነት ናቸው። ግሩም መሣሪያ ናቸው። «ኮዱ ከልኬቱ ጋር ገጠመ» የሚል ሰው ስታገኙ ግን ምኑ ነው የገጠመው በሉት። የሙቀት ቁልቁለቱን፣ ማለትም ሙቀቱ ከመሃል ወደ ዳር የሚወርድበትን ፍጥነት፣ በልኬቱ የስህተት ወሰን ውስጥ ትንሽ ብታዛንፉት የሚወጣው ሙቀት በብዙ ይለዋወጣል። ስለዚህ እሱን ብቻ ማስገጠም ብዙ አያስመካም። የጥግግቱ መዋዠቅስ ገጠመ? የሽክርክሪቶቹ መጠንስ? የኤሌክትሮኑና የአዮኑ ሙቀት አንድ ላይ ገጠሙ?

ሥራ የት አለ ለምትሉ፦ ጀርመን፣ ግራይፍስቫልድ ያለው ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ የተባለው የፊውዥን ማሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ነው ሥራ የጀመረው። የተጠማዘዙት ማግኔቶቹ በቅንጣቶች ግጭት የሚወጣውን ሙቀት እንዲቀንሱ ተሰልተው የተሠሩ ናቸው። ቀነሱም። አሁን ዋናው ቀዳዳ ትርምሱ ሆኗል። በረዶ የሆነ የሃይድሮጅን እንክብል ወደ ውስጥ ሲተኮስ የመሃሉ ጥግግት ከፍ ይልና ትርምሱ ለጥቂት ጊዜ ይበርዳል፤ ከዚያ ይመለሳል። ያን ጥቂት ጊዜ ማስረዘም ነው እንግዲህ ሥራው።