አቴንስን የጣላት ስፓርታ ናት ወይስ ወረርሽኙ?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አቴንስን የጣላት የስፓርታ ጦር ነው ወይስ በሽታው እያሉ ይሟገታሉ። በሽታው ከኢትዮጵያ ተነሣ የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ከኋለኛው እንነሣ። የአቴንስንና የስፓርታን ጦርነት ታሪክ የጻፈው አቴናዊው ቱኪዲደስ በሽታው ከግብፅ በላይ ካለችው ኢትዮጵያ መጣ መባሉን ጻፈ እንጂ አላረጋገጠም። ያን ጊዜ ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ነው፤ በተለይም ኩሽን። የዛሬውን ካርታ አይጫኑበት።

በሽታው አቴንስን የጎዳው በራሷ የጦር ዕቅድ በኩል ገብቶ ነው። የአቴንስ መሪ ፔሪክሊስ ስፓርታን በሜዳ ላለመግጠም የገጠሩን ሕዝብ ከተማውንና የፒሬዎስን ወደብ በሚያገናኙት ረጃጅም ግንቦች ውስጥ አስገባ፤ እህሉ በመርከብ ይመጣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430፣ በሙቀቱ ወራት ስደተኛው በታፈነ ጎጆ ታጭቆ ሳለ፣ በሽታው በዚያው ወደብ ገባ። ጥማቱ የማይረካ ስለነበር ሕሙማን ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ዘለው ይገቡ ነበር። ቤት ለቤት እየዞረ የሚጠይቅ አስታማሚ ቀድሞ ይሞታል፤ የዳነ ግን ዳግመኛ ለሞት አይታመምም፤ በኋላ ሕሙማንን የሚያስታምሙት እነዚህ ሆኑ። ኅዳር ሲታጠን ምክንያቱን የሚያውቁ ተማሪዎችዎ ይህን ለመረዳት አይቸገሩም።

በጦሩ ላይ ያደረሰውን እንይ። ጦርነቱ ሲጀመር ለሜዳ የሚዘምተው ከባድ መሣሪያ የታጠቀ እግረኛ 13,000 ነበር። ከመዝገብ ላይ ካለው እግረኛ 4,400፣ ከፈረሰኛው 300 ሞተ። የድሃው ሕዝብ ሞት ግን አልተቆጠረም፤ አንድ የጦር መርከብ 170 ቀዛፊ የሚፈልገው ከዚያ ሕዝብ ስለሆነ ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ከሁሉ የከፋው አቴንስ ከብባት በነበረችው ከተማ በፖቲዳያ ላይ ነው። የአቴንስ የጦር አዛዥ ሃግኖን ከበባውን ሊያግዝ 4,000 እግረኛ ይዞ ሄዶ በ40 ቀን ገደማ 1,050ውን አጣ፤ ቀድሞ በከበባው ላይ የነበረው ጤነኛ ጦርም ከእነሱ ተያዘ። እርዳታ ተብሎ የተላከው በሽታውን ይዞ ደረሰ።

ስፓርታ ከበሽታው የተረፈችው ሠራዊቷ የአቴንስን ገጠር አቲካን ወርሮ፣ ሲረዝም 40 ቀን ያህል ቆይቶ፣ ወደ አገሩ ይበተን ስለነበር ነው። በ429 ጭራሽ ወደ አቲካ ሳይገባ የአቴንስን አጋር ከተማ ፕላታያን ከበበ። በዚያው ዓመት ፔሪክሊስ ሞተ፤ በሽታውም በ427 በብርዱ ወራት ተመልሶ ከአንድ ዓመት ያላነሰ ቆየ።

ስለዚህ ለተማሪዎችዎ፦ በሽታው ዕቅዱንና መሪውን ወሰደ፤ አቴንስን ግን አልጣላትም። በ425 ስፋክቴሪያ በተባለች ደሴት ላይ ስፓርታውያንን ማርካለች። እጅ የሰጠችው በ404 ነው፤ በ413 ሲሲሊ ላይ ሠራዊቷ ካለቀና የፋርስ ገንዘብ የስፓርታን የባሕር ኃይል ካቆመ በኋላ።