በእንግሊዝኛ «አወር» «አን» ሲወስድ «ዩኒቨርሲቲ» ለምን «ኤ» ይወስዳል?

በእንግሊዝኛ «አን» (an) በአናባቢ ድምፅ፣ «ኤ» (a) ደግሞ በተነባቢ ድምፅ ከሚጀምር ቃል በፊት ይገባሉ። በ«ኤች» (h) የሚጻፈው «አወር» (hour፣ ሰዓት) «አን» የሚቀድመው፣ በአናባቢው በ«ዩ» (u) የሚጻፈው «ዩኒቨርሲቲ» ደግሞ «ኤ» የሚቀድመው፣ ደንቡ የሚመለከተው የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ሳይሆን የመጀመሪያ ድምፅ ስለሆነ ነው። «አወር» ሲነገር «ኤች» አይሰማም፤ «ዩኒቨርሲቲ» ሲነገር ግን መነሻው «ይ» ነው፣ እሱም ተነባቢ ድምፅ ነው።

የሚያጠራጥር ቃል ሲያጋጥምዎ የእንግሊዝኛውን አነባበብ በግዕዝ ፊደል ይጻፉት። መነሻው ከ«አ» ቤት ከሆነ (ኡ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኦ የመሳሰለው ሁሉ) «አን» ይጠቀሙ፤ ከሌላ ቤት ከሆነ «ኤ» ነው። በዚህ መንገድ «ኦነስት» (honest፣ ሐቀኛ) «አን» ሲወስድ «ዩኒፎርም» «ኤ» ይወስዳል። አህጽሮተ ቃልም ከዚህ አያመልጥም፤ «ኤም ኤ» (MA፣ የማስተርስ ዲግሪ) በተነባቢ ፊደል ቢጻፍም ሲነበብ በ«ኤ» ስለሚጀምር «አን ኤም ኤ» ይባላል። ብቻ የአማርኛውን ስም እንዳይጽፉ፦ «አውሮፓዊ» ብለው ካሰቡ ይሳሳታሉ፣ እንግሊዝኛው «ዩሮፒያን» ነውና «ኤ» ይወስዳል።

እኔ ደንቡን ካወቅሁ በኋላም ለረጅም ጊዜ ስሳሳት የኖርኩት ዓይኔን ስሙ ላይ ብቻ እጥል ስለነበር ነው። ወሳኙ ወዲያው የሚከተለው ቃል ነው፤ «አን አፕል» ትክክል ሲሆን፣ ቅጽል ጣልቃ ሲገባ «ኤ ሬድ አፕል» ይሆናል፤ «ኤ ዩኒቨርሲቲ» የነበረውም «አን ኦልድ ዩኒቨርሲቲ» ይሆናል።