ሐሰተኛ ሚኒስትር ሲደውል፦ ስለ ዲፕፌክና ዲፕሎማሲ ጥያቄና መልስ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) በዲፕሎማሲ ሥራ ላይ ስላመጣው ጣጣ የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዲፕፌክ የምንለው በኤአይ የተቀነባበረ ሐሰተኛ ቪዲዮ ወይም ድምፅ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ትልልቅ ባለሥልጣናት በዲፕፌክ ተሸውደው ያውቃሉ? ወይስ የተጋነነ ወሬ ነው?

መልስ፦ ያውቃሉ። በሴፕቴምበር 2024 የአሜሪካ ሴኔት የውጭ ግንኙነት ኮሚቴን ይመሩ የነበሩት ቤን ካርዲን የዩክሬኑ ዲሚትሮ ኩሌባ ነኝ ካለ ሰው ጋር በቪዲዮ ተነጋገሩ። ኩሌባ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት የለቀቁት በዚያው ወር ነበር። መልኩም ድምፁም የእሳቸው ነው። ነገሩን ያጋለጠው የጥያቄው ዓይነት እንጂ ምስሉ አልነበረም። ሰውየው ስለ አሜሪካ ምርጫ ይጠይቃል፤ ረጅም ርቀት ሚሳኤል ወደ ሩሲያ መተኮሱን ይደግፉ እንደሆነ አፋጥጦ ቁርጥ ያለ መልስ ይፈልጋል። የሰለጠነ ዲፕሎማት እንዲህ አድርጎ አይጠይቅም። ካርዲን ጥሪውን አቋረጡ፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም ሰውየው ኩሌባ አለመሆኑን አረጋገጠ።

በጁን 2025 ደግሞ አንድ አስመሳይ ሲግናል በሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ላይ የአሜሪካውን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የማርኮ ሩቢዮን ስም ይዞ 3 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮችን፣ አንድ የአሜሪካ አገረ ገዥንና አንድ የኮንግረስ አባልን ለማነጋገር ሞከረ፤ ለአንዳንዶቹ በኤአይ የተሠራ የድምፅ መልእክት ተወላቸው። ስም በሚታይበት ቦታ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል የሚመስል ጽሑፍ አስገብቶ ነበር። ሲግናል ላይ እዚያ ቦታ የፈለጉትን መጻፍ ይቻላል፤ የሚያጣራ የለም።

ጥያቄ፦ በአፍሪካ ኅብረት ስም የተደረገውስ ዲፕፌክ ነበር?

መልስ፦ ሁለት ነገር ስለተቀላቀለ እንለያየው። በሴፕቴምበር 2023 ኅብረቱ በሐሰተኛ ኢሜይል ቀጠሮ እየተያዘ፣ የያኔውን የኮሚሽኑን ሊቀ መንበር ሙሳ ፋኪን በዲፕፌክ በማስመሰል ወደ አውሮፓ መንግሥታት ጥሪ መደረጉን ከአዲስ አበባ አስታወቀ። ከመንግሥታት ጋር የሚጻጻፈው በዲፕሎማሲ ወግ፣ በአብዛኛው በኖት ቨርባል (በሚኒስቴርና በኤምባሲ መካከል በሚላክ ይፋዊ ደብዳቤ) እንደሆነም አስታወሰ።

በዚያው ወር በ18ኛው ቀን የጣሊያኗ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆርጂያ ሜሎኒ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ነኝ ካለ ሰው ጋር በስልክ አወሩ። ደዋዮቹ ቮቫንና ሌክሰስ የሚባሉት ሩሲያውያን ቀልደኞች ነበሩ። ቅጂው በኖቬምበር ወጣ፤ ሜሎኒ በዩክሬን ጦርነት ሁሉም ወገን መሰላቸቱን ሲናገሩ ይሰማል። የዲፕሎማሲ አማካሪያቸው በቀናት ውስጥ ከሥራ ለቀቁ። ለዚህ ሁሉ የበቃው አንድ ስልክና አንድ ደፋር ሰው ነው።

በጁን 2022 የበርሊን፣ የማድሪድና የቪየና ከንቲባዎችን ያሞኘው «የኪየቭ ከንቲባ ክሊችኮ» በመጀመሪያ ዲፕፌክ ነው ተብሎ ነበር። የጀርመን ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሲያጣሩት ግን ምስሉ ክሊችኮ ቀደም ሲል ከሰጡት እውነተኛ ቃለ ምልልስ ተቆራርጦ የተቀጠለ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ «ኤአይ አሸነፈን» የሚለው ለተሸወደ ጽሕፈት ቤት ክብር የሚያድን ማመካኛም ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ሚኒስቴር ፕሮቶኮል ክፍል ነው የምሠራው። ጥሪ ከመገናኘቱ በፊት ምን እናድርግ?

መልስ፦ በዋትስአፕ ወይም በኢሜይል የመጣ የቀጠሮ ጥያቄ በኖት ቨርባል ወይም በኤምባሲው በኩል እስኪደገም ድረስ ቀጠሮ አይያዝበት። ቀጥሎ መልሶ መደወል ነው፤ ቁጥሩ ግን ከራሳችሁ መዝገብ ይወሰድ። ኢሜይሉ ግርጌ ላይ ያለው ቁጥር የሚወስዳችሁ ወደ አጭበርባሪው ጓደኛ ነው። የላኪውን አድራሻ ስታዩ ከስሙ ይልቅ ዶሜይኑን (ከ@ ምልክት ቀጥሎ ያለውን) ፊደል በፊደል አንብቡ፤ አንዲት ሰረዝ ወይም ፊደል ብቻ ተለውጣ ልትገኝ ትችላለች።

የቪዲዮ ሊንኩን የምታዘጋጁት እናንተ ሁኑ፤ መግቢያውንም በኤምባሲው በኩል ላኩት። ዋናዎቹ ባለሥልጣናት ከመግባታቸው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ በምታውቁት ቁጥር የፕሮቶኮል ሠራተኞች እርስ በርስ ይነጋገሩ። ከተቻለ በሌላ መንገድ የተላከ የይለፍ ቃል ይኑር። በውይይቱ መሃል ጥርጣሬ ከመጣ ባለፈው ስብሰባ ላይ የተነሳ፣ ለጋዜጣ ያልወጣ ነጥብ አንሱ።

አሠራሩ የሚፈርሰው መጨረሻዋ ሰዓት ላይ ነው። «ክቡርነታቸው አውሮፕላን ሊሳፈሩ ነው፣ አሁኑኑ ካልሆነ ይቀራል» ይባላል። ትልቅ ሰው ማስጠበቅ ነውር ነው ብሎ ያደገ ጸሐፊ እዚህ ላይ ይረታል። ስለዚህ መመሪያው በሚኒስትሩ ፊርማ ይውጣ፤ ጸሐፊው «ታዝዤ ነው» የሚልበት ወረቀት ይኑረው። ይህን ያላደረገ መሥሪያ ቤት ሌላውን ሁሉ ቢያሟላም ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ምስሉን አይቶ መለየት አይቻልም? እጅህን ፊትህ ላይ አሳልፍ፣ ወደ ጎን ዙር ማለት?

መልስ፦ አንዳንዴ ይሠራል፤ መተማመኛ ግን አይሆንም። በማርች 2022 ዘለንስኪ ወታደሮቻቸውን እጅ ስጡ ሲሉ የሚያሳየው ሐሰተኛ ቪዲዮ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር አይመጣጠንም ነበር። የዛሬዎቹ እንዲህ አይሳሳቱም። የኢንተርኔት መስመር ሲደክም ደግሞ የእውነተኛው ሰው ምስልም ይንቀጠቀጣል፤ አጭበርባሪውም «ኔትወርክ ነው» ይላል።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ወይም በአረብኛ የተቀዳ «ሾልኮ የወጣ» ድምፅስ እንዴት ይጣራል?

መልስ፦ የድምፅ መለያ ሶፍትዌሮች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናሙና የሠለጠኑ ናቸው፤ ስለዚህ በሌላ ቋንቋ ይሳሳታሉ፤ በቴሌግራም ደጋግሞ የተጨመቀ ድምፅ ላይ ደግሞ ስህተታቸው ይብሳል። «እውነት 80 በመቶ» ቢላችሁ ብዙም አትደሰቱ።

የሱዳኑን ጉዳይ እንይ። በ2023 ቲክቶክ ላይ የቀድሞው መሪ የኦማር አልበሽር ነው የተባለ ተከታታይ ድምፅ ወጥቶ በመቶ ሺዎች ተደመጠ። ቢቢሲ ሲያጣራ አንዱ ቅጂ ከቀናት በፊት አንድ የፖለቲካ ተንታኝ በፌስቡክ ቀጥታ ስርጭት ከተናገረው ጋር አንድ ሆነ። የተደረገው የድምፅ ልወጣ ነው፤ ሌላ ሰው ይናገራል፣ ማሽኑ የድምፁን ቀለም ብቻ ይለውጣል። ፍጥነቱ፣ ዝምታውና ትንፋሹ ግን የተናጋሪው ሆኖ ይቀራል፤ ሁለቱ የድምፅ ሞገዶች ጎን ለጎን ሲቀመጡም ንግግሩና ዝምታው ተመሳሰለ። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት «ይህን ንግግር ሌላ ሰው ተናግሮታል ወይ?» ብሎ መፈለግ ይቀድማል። ማስረጃ የሚልክላችሁ ሰው ካለ ደግሞ በቴሌግራም «ፋይል» አድርጎ ይላክ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ሜታዳታው (መቼና በምን እንደተቀረጸ የሚያሳየው መረጃ) ይጠፋል።

ጥያቄ፦ እውነተኛውን ቪዲዮ «ኤአይ ነው» ብሎ መካድስ?

መልስ፦ እኔ ከሐሰተኛው ይበልጥ የምፈራው ይህን ነው። የያኔው የጋቦን ፕሬዚዳንት አሊ ቦንጎ በኦክቶበር 2018 ሪያድ ታመው ለወራት ጠፉ። ለአዲስ ዓመት የወጣው የቪዲዮ ንግግራቸው እንግዳ መሰለ፤ ዲፕፌክ ነው ተባለ። ጃንዋሪ 7 ቀን 2019 ወታደሮች ያንኑ ንግግር ጠቅሰው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ። በኋላ የተደረገ ምርመራ ቪዲዮው ስለመቀነባበሩ ማስረጃ አላገኘም። ጥፋቱ የዝምታው ነበር። መሪ ሲታመም በትንሽ በትንሹ እውነቱን መናገር ከማንኛውም ሶፍትዌር የተሻለ መከላከያ ነው።

ዩክሬን በተቃራኒው ሄደች። ከላይ ያልነው ዘለንስኪ እጅ ስጡ ሲሉ የሚያሳየው ዓይነት ቪዲዮ ሊመጣ እንደሚችል፣ ሐሰተኛው ከመውጣቱ 2 ሳምንት ገደማ አስቀድማ ሕዝቡን አስጠነቀቀች፤ ሲመጣም ዘለንስኪ በዚያው ቀን በራሳቸው ገጽ ምላሽ ሰጡ። በሜይ 2024 ደግሞ የዩክሬን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቪክቶሪያ ሺ የተባለች የኤአይ ቃል አቀባይ ሲያቀርብ፣ የምታነበውን ጽሑፍ ሰው ይጽፋል፤ ቪዲዮው ላይ ያለው ኪውአር ኮድ ወደ ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ይመራል። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ተመልካቹ ራሱ ያጣራል።

ጥያቄ፦ የድርድር ሰነድ በቻትጂፒቲ ማሳጠር ችግር አለው?

መልስ፦ ምስጢር ከሆነ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቻትቦት ውስጥ ጨርሶ አይገባም። ምስጢር ባይሆንም፣ በረቂቅ ላይ ማዕዘናዊ ቅንፍ ውስጥ ያለ ሐረግ ገና ያልተስማሙበት ነው፤ ማሽኑ ሲያሳጥር ቅንፉን ጥሎ እንደጸደቀ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። «ያሳስበዋል» እና «ያወግዛል» የሚሉትንም አንድ ሊያደርጋቸው ይችላል። ካሳጠራችሁ በኋላ ቅንፎቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ የጠቀሰውን አንቀጽም ከዋናው ሰነድ ላይ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ዓለም አቀፍ ሕግ የለም?

መልስ፦ አስገዳጅ የሆነ የለም ማለት ይቻላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ማርች 21 ቀን 2024 ስለ ኤአይ ያለ ድምፅ ቆጠራ ያጸደቀው ውሳኔ አያስገድድም። የአፍሪካ ኅብረትም በጁላይ 2024 አህጉራዊ ስትራቴጂ አጽድቋል፤ እሱም ሕግ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው የምኖረው። ከቆንስላ ነው ብሎ በድምፅ መልእክት ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣብኝስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሚኒስትሮቹ የሚያደርጉትን አድርጊ። ስልኩን ዝጊ፣ ቁጥሩን ከቆንስላው ድረ ገጽ አውጥተሽ ራስሽ ደውዪ። ለግለሰብ ሒሳብ ላኪ ካለሽ አትላኪ፤ ደረሰኝ የሌለው የአገልግሎት ክፍያ አትክፈዪ።