መልስ፦ የሳይንስን ታሪክ ከጣርማ በር ጀምር
ወንድሜ፣ «ደብረ ብርሃን 9ኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ የሳይንስን ታሪክና ባሕርይ ሳላሰለች ከየት ልጀምር?» ብለሃል። ትርጉም በማስጻፍ እንዳትጀምር። እኔ ሞክሬው ክፍሉ አንቀላፍቶብኛል።

እዚያው አቅራቢያህ ጣርማ በር የሚባለው ገደል አለልህ አይደል? ተማሪዎችህ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመው ቁልቁል ወደ አፋር በረሃ ይዩ። መሬት ተሰንጥቃ እየተለያየች ያለችው እዚያ ነው። ከዚያ የአልፍሬድ ቬገነርን ነገር አንሳላቸው። ጀርመናዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1912 «አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ» አለ። ብዙዎቹ የዘመኑ ሳይንቲስቶች አጣጣሉት። ያጣጣሉት ግን ሞኞች አልነበሩም (ይቺን አትዝለላት)፤ ቬገነር አህጉራቱን ምን እንደሚገፋቸው አሳማኝ መልስ አልነበረውም። በ1930 ሞተ። ሐሳቡ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው የውቅያኖስ ወለል ተጠንቶ በ1960ዎቹ ነው።

እዚህ ጋ ቆም በልና «እናንተ በ1912 ብትኖሩ ታምኑት ነበር?» በላቸው። የኔዎቹ ደወል ተደውሎም ክርክሩን አልተዉም። አንዷ «ማስረጃ አምጣ እለው ነበር» አለች።