ሶሺዮሎጂ ለተመደባችሁ ልጆቼ

ብዙዎቻችሁ ይህን የኅብረተሰብ ጥናት ትምህርት መርጣችሁ አልመጣችሁም፤ ውጤታችሁና የምደባው አሠራር ናቸው ያመጧችሁ። ቤተሰብም «እሱን ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ብሎ ሳይጠይቃችሁ አልቀረም። ስለ ሥራ ገበያው ሌሎች ይነግሯችኋል። ዕድሜዬን በማስተማር የጨረስኩ ሰው እንደመሆኔ እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው ትምህርቱን እንዴት እንደምትይዙት ነው፤ አያያዙ ከተበላሸ አራት ዓመት ሙሉ ባዶ ቃላት ተሸክሞ መውጣት አለና።

በየዓመቱ አንድ ነገር አያለሁ። ተማሪው ሦስቱን ዋና ንድፈ ሐሳቦች፣ ፋንክሽናሊዝምን (ተቋም ለአብሮ መኖር ምን ይሠራል የሚለውን)፣ የግጭት ንድፈ ሐሳብን (ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል የሚለውን) እና ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝምን (ሰዎች ሲገናኙ በምልክትና በትርጉም እንዴት ይግባባሉ የሚለውን) በሠንጠረዥ ያስቀምጣል፤ ከየስማቸው ጎን አሳቢዎቹን ዱርክሄምን፣ ማርክስንና ሚድን ይጽፋል፤ ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሲሠራ ግን ንድፈ ሐሳቡን ምዕራፍ ሁለት ላይ ይቀብረዋል፤ ከመስክ ያመጣው መረጃ ምዕራፍ አራት ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ጽሑፉ ይጠረዛል። ይህን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ያ ልጅ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ንድፈ ሐሳብ መጠየቂያ መሣሪያ መሆኑን ያሳየው ሰው ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምራችሁ አንድ በቅርብ የምታውቁትን ተቋም ያዙና የተማራችሁትን ሁሉ እሱ ላይ ሞክሩ። እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው እድርን ነው።

የሰፈራችሁን እድር አስቡ። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል ወይም ስልክ ይደወላል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበርና ድስት ከመጋዘን ይወጣል። ፋንክሽናሊስቱ «ይህ ተቋም ለአብሮ መኖር ምን ይሠራል?» ብሎ ይጀምራል። አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ሮበርት መርተን ግልጽ ተግባርንና ስውር ተግባርን እንድንለይ አስተምሯል። ግልጹ ቀብር ማስፈጸምና ሐዘንተኛን መደገፍ ነው። ስውሩን ለማየት ወርሃዊ መዋጮ በሚከፈልበት ቀን ጥግ ይዞ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ የሚከራይ ቤት ወሬ፣ ሥራ የሚፈልግ ልጅ፣ የተኳረፉ ጎረቤቶች እርቅ፣ ሁሉም እዚያ ያልፋል። ኤችአይቪ ከተሞቻችንን በጎዳበት ዘመን በርካታ እድሮች ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ወደ መርዳት ሲገቡ አዲስ መረብ መዘርጋት አላስፈለጋቸውም፤ መረቡ ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር።

ማርክስን ያነበበ ተማሪ እዚያው ድንኳን ውስጥ ሌላ ነገር ያያል። መመዝገቢያው ስንት ነው? እድሩ ንብረት ባካበተ ቁጥር አዲስ ገቢው የሚከፍለው ከፍ ይላል፤ ታዲያ በየጊዜው ቤት የሚቀይረው ተከራይ እንዴት ይግባ? በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ብትሞት ድንኳኑን ማን ይተክልላታል? ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዡ ወንዶች፣ ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች የሚሆኑትስ ለምንድን ነው? ሰው ለሥልጣን ለምን እንደሚታዘዝ ያጠናው ጀርመናዊው ቬበር በበኩሉ የእድሩን መዝገብ ይከፍታል፤ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የቀሪ ቅጣት፣ ማኅተም ያገኛል። ሰዎቹ ለሰብሳቢው የሚታዘዙት በሽምግልናው ነው ወይስ በደንቡ አንቀጽ? የሰዎችን የፊት ለፊት ግንኙነት ያጠናው ጎፍማን ደግሞ ድንኳኑ በር ላይ ይቆማል። ሴትዮዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ገና ሳትገባ ድምፅዋን ለውጣ ስትመጣ፣ ማን እንደተነሣላት፣ ምን ያህል ቆይታ እንደወጣችና መቅረቷ ቢሆን ምን ይባል እንደነበር ይመዘግባል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ አስተያየት አለኝ። ለእኛ አገር ተማሪ ፋንክሽናሊዝም ከመጠን በላይ ይቀልለዋል። እድርን፣ እቁብን፣ ሽምግልናን እያመሰገንን ስላደግን፣ «ጠቃሚ ባህላችን ነው» ብለን ምርምሩን ሳንጀምር እንዘጋዋለን። የምትወዱትን ተቋም ለማጥናት ከተነሣችሁ መጀመሪያ ከደጅ የቀረውን ሰው ፈልጉ፤ ከእርሱ ጋር ተነጋገሩ። ተቋሙን ባትወዱት ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ።

ከትምህርቱ መሥራች አባቶች ሥራ አንድ ብቻ በደንብ አንብቡ ብትሉኝ፣ ዱርክሄም እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመውን ራስን ስለ ማጥፋት የተደረገ ጥናት እሰጣችኋለሁ። ከዚህ የበለጠ የግል የሚመስል ድርጊት የለም። ዱርክሄም ግን አገር ለአገር፣ ሃይማኖት ለሃይማኖት፣ ባለትዳርን ካላገባ፣ ወታደርን ከሲቪል እያነጻጸረ፣ መጠኑ በየኅብረተሰቡ ለዓመታት ብዙም ሳይናወጥ እንደሚቆይ አሳየ። ሰው ከሌሎች ጋር ያለው ትስስር ሲላላም ሆነ ከልክ በላይ ሲጠብቅ አደጋ አለው፤ ደንቦች በድንገት ሲናጉም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ተቺዎቹን አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተነሡ አጥኚዎች «ቁጥሩን የመዘገበው ማን ነው? ቤተሰብና ሹም በአንዳንድ ቦታ የሞቱን ምክንያት ለመደበቅ ምክንያት አልነበራቸውምን?» ብለው ጠየቁ። አንድን ታላቅ ሥራ ማክበርና መሠረቱን መፈተሽ አብረው እንደሚሄዱ የማውቀው ከዚህ ክርክር ነው። ስታቲስቲክስ የምትፈሩም ይህን ልብ በሉ፤ ቁጥር የማያነብ ሶሺዮሎጂስት ቁጥር ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ለማመን ይገደዳል።

አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ራይት ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1959 የጻፈው ምሳሌ ለእናንተ ቅርብ ነው። መቶ ሺህ ሕዝብ ባለበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ቢያጣ የዚያን ሰው ባሕርይና ችሎታ መመርመር ተገቢ ነው፤ ሃምሳ ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር አሥራ አምስት ሚሊዮኑ ሥራ ካጣ ግን ችግሩ ያለው የሥራ ዕድል መዋቅሩ ላይ ነው። ተመርቃችሁ ሥራ ፍለጋ በምትዞሩባቸው ወራት ራሳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን አስታውሱ። ለታናናሾቻችሁም አስረዱ።

ትምህርቱ የአውሮፓ ብቻ ነው የሚላችሁ ካለ፣ በቱኒስ የተወለደው ኢብን ኻልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 ስለ ኅብረት መንፈስና ስለ መንግሥታት መነሣትና መውደቅ መጻፉን ንገሩት። ጥቁር አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ዱ ቦይስም አለ። በፊላደልፊያ ሰባተኛ ወረዳ ቤት ለቤት እየዞረ ነዋሪዎቹን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው ጥናት፣ የጥቁሮቹ ድህነት ከዘራቸው የመጣ ነው የሚለውን የዘመኑን እምነት በማስረጃ ተገዳድሯል።

እናንተም በር ስታንኳኩ ማስታወሻ ደብተራችሁን ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ ያያችሁትንና የሰማችሁትን፣ በቀኝ የገመታችሁትን ጻፉ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ መለየት አይቻልም። ለመጻፍ የእድሩን ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን የምታነጋግሩትን እያንዳንዱን ሰው ፈቃድ ጠይቁ፤ ስማቸውን ቀይሩ፤ በሰፈሩ የሚታወቁበትን ምልክትም አውጡ። ጽሑፉ ሲያልቅ ፍሬ ነገሩን በሚገባቸው ቋንቋ አንብቡላቸው። «ይህ እኛን አይመስልም» ያሉበትን ገጽ ምልክት አድርጉበት፤ ምክንያታቸውንም ጠይቃችሁ ከመምህራችሁ አስተያየት ጎን አስቀምጡት።