አንድ ምስክር ብቻ ሲኖራችሁ

ውድ ልጆቼ፣

ዘንድሮ ሕግ ጨርሳችሁ ሥራ የምትጀምሩ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ የመጀመሪያውን ከባድ መዝገብ ስትይዙ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ጠይቃችሁኛል። ብዙ የሚባል ነገር አለ። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአንድ የዓይን ምስክር ላይ ስለቆመ የግድያ ክስ።

መጀመሪያ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 1975 የሰፈር ግሮሰሪ በር ላይ አንድ የመኒ ኦርደር (የገንዘብ መላኪያ ወረቀት) ሻጭ ተዘረፈ። ደበደቡት፣ አሲድ ደፉበት፣ በጥይት ገደሉት። ሦስት ወጣቶች ተያዙ። ሪኪ ጃክሰን 18 ዓመቱ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ዋይሊ ብሪጅማን 20 ዓመቱ፣ ዛሬ ክዋሜ አጃሙ የሚባለው ታናሹ ደግሞ 17። መሣሪያው አልተገኘም። ከወንጀሉ ጋር የሚያገናኛቸው አንድም ኤግዚቢት፣ ማለት የሚታይ የሚጨበጥ ማስረጃ፣ አልነበረም። የነበረው አንድ የ12 ዓመት ልጅ ነው።

ልጁ ስማቸውን የሰማው ከጓደኛው ነው። ፖሊስን ልርዳ ብሎ ሄዶ «አውቃቸዋለሁ» አለ። በኋላ ተጠርጣሪዎቹን ከሌሎች ሰዎች ጋር አሰልፈው አሳዩት። አልለየም። ይሄኔ ነገሩ ማብቃት ነበረበት። ግን አንድ መርማሪ ለብቻው ክፍል አስገባው። ጮኸበት። አንተን ለማሰር ልጅ ነህ፣ በሐሰት ቃል የሚታሰሩት እናትና አባትህ ናቸው አለው። ልጁ ፖሊሶች አዘጋጅተው ያቀረቡለትን ቃል ፈረመ። እስቲ እናንተን በዚያ ዕድሜያችሁ አስቡ። ማን ነው የማይፈርመው?

ፍርድ ቤት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ መጥተው «ያኔ ከኛ ጋር አውቶቡስ ውስጥ ነበር» አሉ። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ በሱቁ በር ስታልፍ ሰዎቹን አይታለች፤ እነዚህ አይደሉም አለች። አልተሰማችም። ሦስቱም ሞት ተፈረደባቸው። የሞት ቅጣቱ በኋላ ቢነሳም ያኔ ከእስር አልወጡም።

ልጁ አደገ፣ ጎልማሳ ሆነ፣ ታመመ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ፓስተሩ ሊጠይቀው ሲሄድ አለቀሰና ሁሉን ተናገረ። ምንም አላየም ነበር። በኖቬምበር 2014 ሪኪ ጃክሰን ከ39 ዓመት በኋላ ወጣ። 57 ዓመቱ ነበር። በ2020 ከተማዋ ለሦስቱ 18 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። 39 ዓመት በስንት ይመነዘራል?

ይህን የአሜሪካ ታሪክ ብላችሁ እንዳታልፉት። እኛም ጋ ለግድያ ክስ ምስክር ስንት ይሁን የሚል ቁጥር የለም። ችሎት ላይ «ምስክር በቁጥር አይመዘንም» ሲባል ትሰማላችሁ። ልክ ነው፤ አንድ እውነተኛ ምስክር ከአሥር ውሸታም ይሻላል። ግን ኦሪትም ፍትሐ ነገሥትም ሰው በአንድ ምስክር ቃል አይገደል ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ምስክር ሲሳሳት የሚያርመው ሌላ ሰው የለም። ሊያርመው የሚችለው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ የናንተ ሥራ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ወጣት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። ማታ መጠጥ ቤት አጠገብ ሰው በስለት ተገደለ። ምስክሬ አንድ ሊስትሮ ነው፤ ቢበዛ 14 ዓመቱ። ፖሊስ ጣቢያ መጀመሪያ የሰጠው ቃል ላይ «ሲሮጥ ጀርባውን ነው ያየሁት» ይላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሰጠው ሁለተኛ ቃል ላይ ግን ፊት አለ፣ የጃኬት ቀለም አለ፣ ስምም አለ። ሁለቱንም አንብቤያለሁ። የቀጠሮው ቀን ጠዋት ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ጥፍሩ ሥር የገባውን ጥቁር ቀለም በሌላው ጥፍሩ እየፋቀ ነበር። ተከሳሹ እጁ በካቴና፣ በሁለት ፖሊስ መሀል ተቀምጧል። በአገጬ እያሳየሁት «ያ ነው አይደል?» አልኩት። ልጁ ወደ ሰውዬው አልዞረም። የኔን ፊት አየና «አዎ ጋሼ» አለኝ።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 137 የራስን ምስክር ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ፣ ማለት መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ፣ መጠየቅ አይቻልም ይላል። ችሎት ውስጥ አንድም መሪ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ኮሪደር ላይ ጨርሼዋለኋ። የመጀመሪያውን ቃልም ለተከላካይ ጠበቃው አላሳየሁትም። ሰውዬው 15 ዓመት ተፈረደበት። ገዳይ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ መዝገብ ስትይዙ መጀመሪያ የተጻፈችውን ቃል ፈልጉ። የምትከሱም ከሆናችሁ አሳዩ እንጂ አትደብቁ። ምስክሩ ስንት ሜትር ላይ ነበር? መብራት ነበር? ፊቱን ለስንት ሰከንድ አየው? ስሙን ከማን ሰማ? ቦታውን ራሳችሁ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሄዳችሁ እዩት። ምስክሩ ሰው ሲለይ «ጎበዝ» አትበሉት። ያቺ አንዲት ቃል «መሰለኝ» ያለውን «እርግጠኛ ነኝ» ታሰኘዋለች። ችሎት ውስጥ በተከሳሽ ሳጥን የቆመውን ሰው እያሳያችሁ «ማን ነው?» ብላችሁ ያገኛችሁት መልስም ብዙ ክብደት አይሰጠው። ሌላ ማንን ሊያሳይ ይችላል? ምስክሩ «አላየሁም» ካለ እንዳለው ጻፉት። አትቆጡት፣ ፊታችሁን አታጥቁሩበት። ልጅ ከሆነማ ከቃላችሁ በፊት ፊታችሁን ነው የሚያነበው።

ሪኪ ጃክሰን ያንን ምስክር ከእስር ከወጣ በኋላ አግኝቶ አቅፎታል። ቂም አልያዘበትም፤ ያኔ ልጅ ነበር ነው ያለው። የኔ ሊስትሮ ዛሬ በሕይወት ካለ ሃምሳውን አልፏል። ባገኘው ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ። ከሱ በፊት ግን ያ ካቴና የነበረበት ሰውዬ አለ።