ነፍስ አገልጋይ ናት ሲባል፦ ቫይሽናቪዝምን ለምታጠኑ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ቫይሽናቪዝም ቪሽኑን፣ እዚህ በምናየው ትምህርት በተለይ ክሪሽናን፣ የሚያመልክ የሂንዱ ሃይማኖት ክፍል ነው። ይህን ትምህርት ከሳናታና ጥያቄ ጀምሩት። ሳናታና የቤንጋል ሱልጣን የሁሴን ሻህ ሹም ነበር። ሹመቱን ጥሎ፣ ከእስር አምልጦ ሕንድ ውስጥ ወዳለችው ቫራናሲ ወረደና የክሪሽናን አምልኮ ያስፋፋውን መምህር ቻይታንያን (1486–1534 እ.ኤ.አ.) «እኔ ማን ነኝ? መከራስ ለምን ይፈራረቅብኛል?» ሲል ጠየቀው። ነፍስ በባሕርይዋ የክሪሽና ዘላለማዊ አገልጋይ ናት የሚል መልስ አገኘ። ልብ በሉ፣ ከሱልጣን ደጅ ሸሽቶ የመጣ ሰው ከእንግዲህ ጌታ የለህም አልተባለም።

ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ አገልጋይነትን በጥረት የሚገኝ ማዕረግ፣ አለዚያም ቅጣት አድርጎ ያየዋል። ትምህርቱ ግን ነፍስ አገልጋይነቷን ትረሳዋለች እንጂ አታጣውም ይላል። ነጻ ከወጣች በኋላም ማገልገሏ አይቀርም፤ እንዲያውም የሚሞላው ያን ጊዜ ነው። ነፍስና የመጨረሻው እውነት አንድ ናቸው ከሚለው ከሻንካራ ትምህርት፣ ከአድቫይታ፣ የሚለየውም በዚህ ነው፤ በዚያ የነፍስ ለብቻ መኖር በመጨረሻ ያከትማል፣ በዚህ ግን ነፍስ የፀሐይ ጨረር ናት፦ በባሕርይ ከፀሐይ ጋር አንድ፣ ራሷ ግን ፀሐይ የማትሆን።

የተረሳውን የሚያስታውሰው ዋናው መንገድ ጃፓ፣ የክሪሽናን ስም በመቁጠሪያ መድገም ነው። መቁጠሪያው 108 ፍሬና አንድ ትልቅ ፍሬ አለው። በቀኝ እጅ፣ በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ይያዛል፤ ጠቋሚ ጣት አይነካውም። በእያንዳንዱ ፍሬ 16 ስሞች ያሉት የሃሬ ክሪሽና ማንትራ (የሚደገም ጸሎት) አንዴ ይባላል፤ 108ቱ ፍሬ ሲያልቅ አንድ ዙር ነው። ትልቁ ፍሬ ጋ ሲደረስ አይታለፍም፤ መቁጠሪያው ተገልብጦ በመጣበት ይመለሳል። በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ በተመሠረተው የሃሬ ክሪሽና ማኅበር፣ መምህር የተቀበለ ሰው በየቀኑ 16 ዙር ይደግማል፤ ይህም 1,728 ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

እናንተ ከ16 አትነሡ። አንድ ወይም ሁለት ዙር፣ ከንጋት በፊት፣ ስልክ ሌላ ክፍል ትታችሁ። ቁጥር ለመሙላት የሚጣደፍ ሰው ቃላቱን ይውጣል፤ የገዛ ድምፁን መስማት ካቃተው ፍጥነቱን ይቀንስ እንጂ ዙር አይጨምር። በስሙ ላይ ከሚፈጸሙት አሥር በደሎች ቀዳሚው ግን የሐሳብ መበተን ሳይሆን ሌሎች አማኞችን ማማት ነው። ዙሩን ጨርሶ ሐሜት የሚጀምር ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ መቁጠሪያውን ባያነሣው ይሻለው ነበር።

በትምህርቱ ከአምላክ ጋር ያለው ዝምድና አምስት ዓይነት ነው፤ አክብሮት፣ አገልጋይነት፣ ጓደኝነት፣ የወላጅ ፍቅርና የፍቅረኛ ፍቅር። ወጣቶች ወደ መጨረሻው ይቸኩላሉ። ለጀማሪ የሃኑማን፣ የአምላኩ የራማ ታማኝ አገልጋይ የሆነው ዝንጀሮ፣ ዓይነት አገልግሎት ይበቃል።

«አገልጋይ ነህ» እያለ ገንዘባችሁንና ጉልበታችሁን የሚጠይቅ መምህር ሲገጥማችሁ ግን፣ እሱ ራሱ ማንን እንደሚያገለግልና ሲሳሳት ማን እንደሚያርመው ጠይቁ። መልስ ከሌለው ተነሥታችሁ ሂዱ።